ቀን የቆረጥኩለት ዱዓ

መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጀምር። ከሮቤ ወደ ጎባ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መቀመጥ ያቅተኝና ወርጄ በእግሬ እጀምራለሁ። ብዙ ሳልርቅ ያው ሚኒባስ ሞልቶ አጠገቤ ያልፋል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እህት፣ ጎባ ስትደርሺ ሰላም በይልን!" ይለኛል። ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔ አቧራ እበላለሁ።

ዱዓዬም እንደዚያ ነበር። ሰው እጁን ዘርግቶ "ያ አላህ፣ መልካሙን ምረጥልኝ" ይላል። እኔ ቀን እቆርጥለታለሁ። "ያ አላህ፣ እስከ ሐሙስ" እላለሁ፤ አንዳንዴም "ጠዋት ቢሆን ይሻላል" ብዬ እጨምራለሁ። እናቴ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝ።

"ለቀበሌ ማመልከቻ ነው እንዴ የምታስገቢው?"

"ቀን ካልተቆረጠ ነገር አያልቅማ፣ እማ።"

"ቀበሌም ቢሆን በቆረጥሽው ቀን አይሰጥሽም" አለችና መስገጃዋን አጣጥፋ ሄደች።

የምጽፈው ስለ አንድ ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ ጊዜው ሄዷል፤ ያኔ ያበገነኝ ነገር አሁን ሳስበው አያበግነኝም። ግን አልረሳሁትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ለሰው "በጥቂት ነጥብ ነው" እላለሁ፤ ጥቂት አልነበረም። ጎባ ያለ አንድ ኮሌጅ ፋርማሲ ያስተምራል ሲባል ሰማሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ጨረሰና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"የቦናው ስንዴ ሲገባ ትመዘገቢያለሽ" አለኝ።

በቃ፣ ትምህርቴ ስንዴ ውስጥ ገባ።

ቦና የምንለው በክረምቱ ማብቂያ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር የሚሰበሰበውን አዝመራ ነው። በእኛ በኩል ስንዴ በማጭድ የሚያጭድ ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራው የኮምባይነር ነው። ኮምባይነር ቤት የሚያህል ማሽን ነው፤ ከፊቱ ያለውን እያጨደ ነው ለራሱ መንገድ የሚከፍተው። የደረሰ ስንዴ ካጋጠመው እያጨደ ያልፋል። ያልደረሰ ካጋጠመው ግን ወይ ይቆማል ወይ ረግጦ ያልፋል። የኔ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

መሬታችን ከመንገዱ አይደርስም። በግራ ወንዝ አለ፣ በቀኝ የድንጋይ ካብና ባህር ዛፍ፣ ከኋላ ገደል። ከፊት፣ በእኛና በመንገዱ መካከል፣ የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን መሬት ነው። ሰፈሩ ሁሉ "አዮ" ነው የሚላቸው፤ በእኛ አገር ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ብድሬ በምትባል ከተማ ከብት ይነግዳል፣ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል። አዮ ያቺን መሬት ይዘው፣ አንዲት ላማቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ይኖራሉ።

በዘር ጊዜ ትራክተር የሚያርሰው በተራ ነው። በዚያ ዓመት ተራው መጀመሪያ የአዮ ነበር፣ ከሳቸው ቀጥሎ የኛ። ዝናቡ ጥሎ አፈሩ ለስልሶ ሳለ እኔ መንገድ ዳር ወጥቼ የትራክተሩን ሹፌር አስቆምኩት። "አዮ ቤታቸው የሉም፣ ዘራቸውም አልመጣም። የኛ ዘር ግን በጆንያ ተሞልቶ ደጅ ተቀምጧል" አልኩት። ውሸት አልነበረም። አዮ ዘር ሊያመጡ ሮቤ ወርደው ነበር፤ ከሰዓት ይመለሳሉ። እሱን አልነገርኩትም። ሹፌሩ በባዶው መሬታቸው ላይ አልፎ የኛን አረሰ፣ በዚያው ቀን ዘራን። የኛን እንደጨረሰ ስልክ ተደወለለትና ወደ ጎሮ ሄደ። የተመለሰው ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ ነው።

አዮ ሃያ ስምንት ቀን ጠበቁ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ደግሞ በዘራንበት ቀን ምሳ ላይ "አየህ አባ፣ ሰው እንዲህ ነው የሚቀድመው!" ብዬ ፎከርኩ። አባቴ ጎርሶ ዝም አለ። እኔ ዝምታውን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ታኅሣሥ ሲገባ ስንዴያችን ነፋስ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሽ ጀመር። አባቴ ዛላ ቀንጥሶ በመዳፉ አሸ፣ ገለባውን በትንፋሹ አበረረ፣ ፍሬውን በጥርሱ ነከሰ።

"ደርሷል" አለ።

የአዮ ግን ከፊታችን አረንጓዴ አጥር ሆኖ ቆሟል። እኔም ሄጄ አንድ ዛላ ቀነጠስኩና በጥፍሬ ጨመቅኩት። ነጭ ወተት ወጣ።

በዚያው ሰሞን ኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋበትን ቀን ለጠፈ። ዓርብ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮምባይነሩ እስከ ዋዜማው ሐሙስ ከገባ ዓርብ ጠዋት ጎባ ነኝ ማለት ነው። እንግዲህ ዱዓዬን ጀመርኩ። "ያ አላህ፣ እስከ ሐሙስ የአዮን ስንዴ አድርሰው፣ እስከ ሐሙስ ዝናቡን ያዘው፣ እስከ ሐሙስ ማሽኑን አምጣው።" ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የጸዳሁበት ጊዜ የለም። ሐሜት ሲጀመር ተነሥቼ እሄድ ነበር፤ እናቴ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አንደኛው ሳምንት አለፈ። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከአላህ ጋር ተኳረፍኩ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ሌላ ስም የለውም። ሶላቴን አልተውኩም። አሰላምቼ ስጨርስ ግን ወዲያው ብድግ እላለሁ፤ ዱዓ የለ፣ ምን የለ። እንደተቀየመ ዘመድ ቤቱ ገብቼ ሳልቀመጥ እወጣ ነበር።

አንድ ጠዋት አባቴን ማሳው ዳር አገኘሁት።

"አባ፣ አዮን ለምን አንጠይቃቸውም? በካቡ ጥግ ኮምባይነሩ የሚያልፍበት ብቻ ይታጨድ። አረንጓዴውን ላማቸው ትበላዋለች።"

"አንጠይቅም።"

"እምቢ ይላሉ ብለህ ነው?"

"እምቢ ስለማይሉ ነው።"

አልገባኝም። እሱም እንዳልገባኝ አይቶ ቀጠለ።

"ጎረቤት ነን። ከጠየቅናቸው የሚበሉትም ቢሆን 'እሺ፣ እጨዱት' ነው የሚሉት። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው አትጠይቂም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እንጠብቃለና። ጌታ ያውቃል።"

"ጌታ ካወቀ ምዝገባው ዓርብ እንደሚዘጋም ያውቃላ!"

እናቴ ውሃ ይዛ እየመጣች ነበር። "አስተግፊሩላህ፣ ማረኝ በይ!" ብላ ጮኸችብኝ። አልኩ። ከአንገት በላይ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ከጎባ በላይ ባለው ተራራ ላይ ደመና መከመር ጀመረ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ይተኛል፤ ከሰነበተበት ደግሞ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ሰኞ ጠዋት ያንን ደመና አይቼ ሳልቀመጥ ሮቤ ሄድኩ። የኮምባይነር ነጂዎች የሚሰበሰቡበት ጋራዥ አጠገብ ያለ ሻይ ቤት አውቃለሁ። አንዱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ያወራርዳል። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ገለባ አለ።

"ሰላም ነው? ኮምባይነሩ ያንተ ነው?"

"የባለሀብቱ ነው፣ እኔ ነጂ ነኝ። ምን አባሮሽ ነው የምታለከልኪው?"

"ስንዴ አለን።"

"ባሌ ውስጥ ስንዴ የሌለው ማን አለ?"

"የኛ ደርሷል። ዝናብ ሊመጣበት ነው።"

"የሁሉም ሊመጣበት ነው። መግቢያ አለው?"

"አለው። ከፊቱ ትንሽ እሸት አለ እንጂ።"

ዳቦውን አወረደ። "ትንሽ እሸት? መግቢያ የለውም በያ፣ ምን ትዞሪያለሽ!"

እዚህ ላይ ነው። ያ አፌ፣ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ የሚደርሰው፣ "ባለቤቷ ፈቅደዋል። ጥግ ጥጉን እለፉ ብለዋል" አለ።

"ወላሂ በይ።"

ወላሂ አላልኩም። "ነገ ጠዋት ና፤ ካላመንክ ሌላ ማሽን ሞልቷል" አልኩት። አንዳንድ ቀን "ቢያንስ አልማልኩም" ብዬ ልጽናና እሞክራለሁ። የማይረባ መጽናኛ ነው።

"እሺ፣ ነገ ጠዋት" አለ።

በሚኒባስ ስመለስ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። "ያ አላህ፣ ተመስገን፣ ሰማኸኝ" እያልኩ ነበር። በውሸት ያገኘሁትን ወስጄ የዱዓዬ መልስ ብዬ ለእሱ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው ከውሸቱ ይልቅ ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ማክሰኞን እንዲሁ በአጋጣሚ አልመረጥኩትም። አዮ በዚያ ቀን ጎባ ሆስፒታል የዓይን ቀጠሮ እንደነበራቸው አውቅ ነበር። ጠዋት ራሴ ነኝ እጃቸውን ይዤ መንገድ ያሻገርኳቸው፣ ሚኒባስ ያስቆምኩላቸው፣ የፊት ወንበር ይሰጣቸው ብዬ ከረዳቱ ጋር የተጨቃጨቅኩት። ሲገቡ ራሴን ዳበስ አድርገው "ራቢ ያሰብሽውን ይስጥሽ፣ ኢንታላ" አሉኝ። ራቢ ጌታ፣ ኢንታላ ደግሞ ልጄ እንደማለት ነው።

"አሚን" አልኩ። ጮክ ብዬ።

ኮምባይነሩ መጣ። ነጂው የአዮን ማሳ አየና አንዴ አፏጨ፤ ማጨጃውን ወደ ላይ አንሥቶ በካቡ ጥግ ገባ። አረንጓዴ ስንዴ ሲረገጥ አይንኮሻኮሽም። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይተኛል፤ የሚነሣው ሽታው ነው፣ የታጨደ እርጥብ ሣር ሽታ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ አባቴ ከየት መጣ ሳልል ከማሽኑ ፊት ቆመ። የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ወጥቶ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ነው የተመለሰው። አልጮኸም። አንድ እጁን ብቻ አነሣ።

ነጂው ሞተሩን አበረደ። "አባባ፣ ምን ነካዎት! ሊውጥዎት ነበር እኮ!"

"ተመለስ፣ ልጄ።"

"ልጅቷ ተፈቅዷል ብላኝ ነው የመጣሁት!"

"አልተፈቀደም። ተመለስ።"

ነጂው አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ማሽኑን ወደ ኋላ እያወጣ መጮኹን አላቆመም። "ከሮቤ ድረስ ጎትታችሁኝ! ደግሞ ይሄን የፊቱን ማን ነው ዘግይቶ የዘራው? ከመንገድ ዳር ያለው ነው ቀድሞ የሚዘራው! የኋላው ቀድሞ ተዘርቶ የፊቱ ሲዘገይ የት አገር ነው የታየው?"

"እኛ ነን ያዘገየናቸው" አለ አባቴ።

እኛ ነው ያለው።

እዚያ ቆሜ ሃያ ስምንቱ ቀን ተቆጠረልኝ። ያን ቀን ትራክተሩን ባላስቆም ኖሮ ሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን ባይሆን በሁለት ቀን ልዩነት ይዘራ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ደርሰው ማሽኑ ከመንገድ እስከ ገደሉ በአንድ መስመር ይወርድ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈጣሪን "ለምን መንገዱን ዘጋህብኝ?" ስለው፣ መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በፍጥነቴ።

ኮምባይነሩ ወደ ጎሮ በኩል ሄደ። አባቴ ቁጣ አልተቆጣኝም። "ያን ቀን ምሳ ላይ ዝም ማለት አልነበረብኝም" አለ። ቀጥሎ "ሲመለሱ ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ብቻሽን" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አዮ ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ከዚያ ሆነው ማሳው ይታያል፣ ግን የቀረችው ዓይን ያን ያህል አታይም።

"አዮ፣ ስንዴዎን ረገጥኩት።"

"በእግርሽ?"

"በኮምባይነር።"

እጃቸው ቆመ። "በእግርሽ ቢሆን ይሻል ነበር" አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ትራክተሩን፣ ኮሌጁን፣ ሻይ ቤቱን፣ ጠዋት "አሚን" ያልኩትን ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጎመኑን ከጭናቸው አውርደው አስቀመጡ።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አባቴ ከለከለን። ከጠየቅናቸው እሺ ይላሉ ብሎ።"

"እሺ እል ነበራ!"

"ለዚህ ነው የከለከለን።"

"አባትሽ ደግ ሰው ነው። ለኔ ሊያዝን ብሎ አፌን ዘጋው እንጂ። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የኔ ነበር።" ባልተሸፈነችው ዓይናቸው አዩኝ። "አንቺስ ራቢን ስንት ጊዜ ጠየቅሽው?"

"ሦስት ሳምንት።"

"እኔን?"

"አንድም ቀን።"

"ቤቴ ከሰማይ ይርቃል?"

አለቀስኩ፣ የማልደብቀው ነገር ነው። እሳቸው አላባበሉኝም። ለቅሶዬን እንደ ዝናብ እስኪያባራ ጠበቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔም የምነግርሽ አለ። ስንዴዬ ፍሬው አልሞላም። አንድ ዝናብ ካላገኘ የማገኘው ገለባ ነው። በየሶላቱ ዝናብ እየለመንኩ ነው።"

"ዝናብ?"

"አዎ ዝናብ። የናንተ ደርሶ እንደቆመ እያወቅኩ። አፍራለሁ፣ 'የጎረቤቶቼንም ጠብቅልኝ' እላለሁ፣ እንደገና ዝናቡን እለምናለሁ። ምን ላድርግ?"

በአንድ ድንበር ተለያይተን ቆመን እኔ ደመናውን ግፋልኝ ስል እሳቸው ሳብልኝ ይሉ ነበር። ሁለታችንም በዐስር ሶላት፣ ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን፣ ሁለታችንም በአሚን ዘግተን።

"ታዲያ አላህ ማናችንን ይስማ?" አልኳቸው። የምሬን ነበር የጠየቅኩት።

"ሁለታችንንም ይሰማል። ምን እንደሚያደርግ ግን የሱ ነው፣ እኔ በምን አውቄው። በይ ያን ጎመን አቀብይኝ።"

አቀበልኳቸው። አጠገባቸው ተቀምጬም ቀነጠስኩ። ጎመኑ እስኪያልቅ አልተነሣሁም። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ያን ያህል ጊዜ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ከተራራው ተነሥቶ ጎባን ሸፍኖ ሲመጣ ከደጃችን ሆኜ እያየሁት ነበር። ያን ሌሊትም ሆነ በማግስቱ አላባራም። ሐሙስ እየዘነበ መጣ፣ እየዘነበ ሄደ። ቆርቆሯችን ከላይ ሲንጫጫ እናቴ "ሄደሽ የአዮን ላም መጠለያ አስገቢላቸው" ብላ ላከችኝ። አስገባሁ። አዮ በራቸው ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ሲያዩኝ ፊታቸውን ደስታ ይሁን ኀፍረት ያልለየለት ነገር ሞላው።

"አይዞዎት፣ ለእርስዎ ነው" አልኳቸው። ስናገረው ቅር አላለኝም፤ ይህ ራሱ ገርሞኛል።

ዓርብ አባራ። ምዝገባው በዚያ ቀን ተዘጋ። ጎባ አልሄድኩም። ማሳው ዳር ሄጄ ቆምኩ። የኛ ስንዴ እንደ ምንጣፍ ተኝቷል፤ ደርቆ ነበርና ከወደቀ አይነሣም። በካቡ ጥግ ኮምባይነሩ የረገጠው የአዮ ስንዴ ግን ገና እርጥብ ነበርና ግማሹ አንገቱን ቀና አድርጓል። ጎንበስ ብዬ የተጣበቀበትን ጭቃ በእጄ አራገፍኩለት። በዚያ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እጄን ዘረጋሁ። "ያ አላህ" ብዬ ጀመርኩና የምቆርጠው ቀን ፈለግኩ። አልነበረኝም። ሐሙስ አልፏል፣ ዓርብ ተዘግቷል። የምለው ነገር ስላጣሁ ዝም ብዬ እጄን እንደዘረጋሁ ተቀመጥኩ። ኩርፊያዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ተናግሬ ነው የምነሣው፤ በዚያ ቀን ሳልናገር ብዙ ቆየሁ፣ ስነሣም ቀልሎኝ ነበር።

ኮምባይነሩ የመጣው ጥር ከገባ በኋላ፣ የአዮ ሲደርስ ነው። ነጂው ያው ነው። መንገድ ዳር ቆሞ በአዮ ፊት "ዛሬስ ተፈቅዷል?" ብሎ ጮኸብኝ።

አዮ ከኔ ቀደሙ። "ፈቅጃለሁ! እለፍ! ጥጉንም መሀሉንም!"

ሁሉም ሳቀ፣ አባቴም ጭምር። ማሽኑ ከመንገዱ ገብቶ የአዮን ጨርሶ ሳይቆም ወደኛ አለፈ። የአዮ ፍሬ ሞልቷል፤ አባቴ በመዳፉ ይዞ "ማሻአላህ" አለ። ከኛ የተኛውን ማጨጃው አላገኘውም፣ ከተገኘውም አንዳንዱ በቅሏል። ነጋዴ መጥቶ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ደህናው ለቤት ቀለብ በቃ፤ ለኮሌጅ አልበቃም። ስለዚህ ያን ዓመት አልተማርኩም።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ቶሎ የሚያጽናናኝ አይጠፋም። "ኸይር ነው፣ ያን ዓመት ብትገቢ ኖሮ አንድ ነገር ያገኝሽ ነበር" ይሉኛል። ምንም አያገኘኝም ነበር። ኮሌጁ አልፈረሰም፣ ሚኒባስ አልተገለበጠም። አብራኝ ልትመዘገብ የነበረች ጓደኛዬ በጤና ገብታ በጤና እየተማረች ነው። እኔ የገባሁት በተከታዩ ዓመት፣ የሚቀጥለው ቦና ሲገባ ነው። አሁን እዚያው ጎባ ነው የምማረው፤ እሷ በአንድ ዓመት ትቀድመኛለች፣ ኮሪደር ላይ ባየችኝ ቁጥር "ታናሼ!" ትለኛለች። ያ ዓመት ለምን እንደሄደብኝ አላህ አልነገረኝም። እኔም መጠየቅ ትቻለሁ፤ ተስፋ ቆርጬ አይደለም። አንድ ጊዜ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ሰው ልመና ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት የራሴን ማሳ ነበር፤ እሱ ሁለቱንም ያያል፣ ከሁለቱ ወዲያም ስንት ማሳ አለ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዝምታውን እንደ እምቢታ መቁጠር አልቻልኩም። አምነዋለሁ። አሁንም ቸኩላ ነኝ፣ ግን አምነዋለሁ።

ከሁሉ የማስታውሰው በተከታዩ ክረምት ማብቂያ ያለውን የዘር ቀን ነው። ኮሌጅ እገባ እንደሆነ ገና አይታወቅም ነበር። እንደ አምናው መንገድ ዳር ወጥቼ ያንኑ ትራክተር አስቆምኩት። ሹፌሩ ሲያየኝ ሳቀ።

"ዘንድሮም ዘራችሁ ደጅ ተቀምጧል?"

"ተቀምጧል። ከአዮ ጀምር።"

"ከዚያ ስልክ ከተደወለልኝስ?"

"ከተደወለልህ ሂድ" አልኩት። ሆዴ ግን አብሮኝ እሺ አላለም።

አዮ ዓይናቸው ድኗል። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትራክተሩ መሬታቸውን ሲገለብጥ ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዘር ከመበተኑ በፊት ዱዓ ይደረጋል፤ እጃችንን ዘረጋን፣ አባቴም ዘሩን ይዞ ወዲያ ማዶ ቆሞ ዘረጋ።

"ከልጅ አፍ ይሻላል፣ አንቺ በይ" አሉኝ አዮ።

"ያ አላህ" አልኩ። "የአዮንም፣ የኛንም። ዝናቡንም፣ ፀሐዩንም። እስከ..."

አዮ በዳነችው ዓይናቸው ገላመጡኝ።

አፌን ያዝኩ። ትራክተሩ ማሳው ጫፍ ደርሶ ይዞራል፤ ሹፌሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየና መልሶ ከተተው።

"አሚን በሉ" አልኳቸው።

"አልጨረስሽማ።"

"የቀረውን እሱ ያውቀዋል።"

"አሚን" አሉ አዮ፣ መዳፋቸውንም በፊታቸው ላይ አሳለፉ። እኔም አሳለፍኩና ተራችን እስኪደርስ እዚያው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።